ማስታወቂያው ከበሩ ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ውጭ ነን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብዳቤው የተጻፈው ለእናንተ ቢሆንም እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ሌሎች ሰዎች ናቸው። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሰው፣ ሳይመልሱ ቀርተው፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ማለፍ እንኳ የከበዳቸው ሰዎች። ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔም ለዘጠኝ ዓመት አንዱ ነበርኩ።

ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት እንሄድ ነበር። አንድ ቀን ሁለት መጻሕፍት ተዋስን። አንዱ የእሷ ነው፤ ስለ ወፎች የሚያወራ፣ በሥዕል የተሞላ ቀጭን መጽሐፍ። ሌላው የእኔ ነው፤ ስለ እንጨት ሥራ የተጻፈ፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ። በዚያው ሰሞን ቤት ቀየርን። ቤት የቀየረ ሰው ያውቀዋል። ዕቃው ሁሉ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ግማሹ ካርቶን ይከፈታል፣ ግማሹ ጥጉን ይዞ ይቀራል። የመመለሻው ቀን ሲደርስ ሁለቱም መጻሕፍት የት እንደገቡ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የደረሰኝ መልእክት ጨዋ ነበር። ቀኑ አልፏል፣ እባክዎ ይመልሱ ይላል። ዛሬ ነገ እያልኩ ፈለግሁ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው ደግሞ መጻሕፍቱ እንደጠፉ ተቆጥረዋል፣ ካርድዎም ታግዷል አለ። ከታች የዕዳው መጠን ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የመጡትን መልእክቶች አልከፈትኳቸውም።

በዚህ መሃል ልጄ ትጠይቀኛለች። «አባዬ፣ ቅዳሜ አንሄድም?»

ተዘግቷል አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንትም ጠየቀችኝ። አሁንም አልተከፈተም አልኳት። ሦስት አራት ጊዜ ከጠየቀች በኋላ ተወችው። ያቺ ውሸት እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። መጻሕፍቱ ቢጠፉ ዕቃ ናቸው። የልጄ ቅዳሜዎች ግን የጠፉት በእኔ ዝምታ ነው።

ለምን ዝም ብዬ ሄጄ እውነቱን አልተናገርኩም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ገንዘቡ አይደለም። ቢቸግረኝም ቀስ ብዬ እከፍለው ነበር። ያስቸገረኝ እፍረቱ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሄዶ «ይቅርታ፣ ጠፋብኝ» ማለት ቀላል ነበር። ስድስት ወር ሲያልፍ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የሚል ጥያቄ ተጨመረበት። ዓመት ሲያልፍ ጥያቄው ከመጽሐፉ በለጠ። እፍረት እንዲህ ነው የሚወልደው። የቆየውን ዕዳ በቁጥር ሳይሆን በቆየበት ዘመን እንመዝነዋለን።

ዘንድሮ ልጄ አሥራ አራት ዓመት ሞላት። የራሷን ካርድ ማውጣት ፈለገች። ለዚህ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። ቅጹን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፣ ስለ ቅዳሜዎቹም ጭምር። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ አብረን እንሂዳ» አለችኝ።

ማታውን ያልተከፈቱትን ካርቶኖች አንድ በአንድ ፈተሽን። የወፎቹ መጽሐፍ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ሥር ወጣ። የእንጨት ሥራው መጽሐፍ ግን የለም። ከብዙ ማሰብ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ቤት ስንቀይር ሊያግዙኝ ከመጡት ሰዎች አንዱ «ይሄን ልየው» ብሎ ወስዶታል። ማን እንደሆነ ግን አሁንም ሊመጣልኝ አልቻለም።

በማግስቱ ሄድን። መጽሐፍ የሚዋሱበት ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። የተቀበለችን ሴት የካርዴን ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ አስገባች። አልወጣም። በስሜ ፈለገችኝ። ሲወጣ ጊዜ ስክሪኑን ወደ እኔ ብቻ አዙራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችልኝ። ከኋላችን ሰልፍ ነበር። ማንም አልሰማም። ያን ዝቅ ያለ ድምፅ አልረሳውም። እፍረት ለተሸከመ ሰው ከምሕረት ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው።

መጽሐፉን ሰጠኋት። የጀርባውን ሽፋን ገለጠች። እዚያ ውስጥ ቀን የሚመታባት ወረቀት ተለጥፋለች፤ የመጨረሻው ማህተም የእኛ ነው። ከዚያ ገጾቹን አንድ በአንድ አየች። መሃል ላይ አንዲት ወፍ አለች፤ ክንፏን ልጄ ያኔ በወይን ጠጅ ቀለም እርሳስ ሞልታዋለች። ሴትዮዋ በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችው። አልተቆጣችም። «ይሄ ከመዝገባችን ወጥቷል፤ እንደገና እናስገባዋለን» አለችኝ።

«የዘገየበት ቅጣትስ?» አልኳት።

«የመዘግየት ቅጣት ካቆምን ሁለት ዓመት አለፈን» አለች።

ሁለት ዓመት። ለሁለት ዓመት የሸሸሁት የሌለ ዕዳ ኖሯል። ዞር ስል ከመግቢያው በስተግራ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ አየሁት። ጥሩ ማስታወቂያ ነው፣ በደንብ ይነበባል። ግን የተለጠፈው ውስጥ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ዕዳ የሌለበት ሰው ነው። ለእኛ የተጻፈውን ነገር እኛ ብቻ አላየነውም። ለጋዜጣ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ጋዜጣ የሸሸ ሰው ቤትም ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳገላብጥ እንደ እኔ ያለው ሰው ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለስድስት ሳምንት ያህል የምሕረት ጊዜ አውጆ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ንብረት ተመለሰ። ከ12 ሺህ በላይ የሚሆነው ከ60 ቀን በላይ የዘገየ ነው። አንድ ሰው ቅድመ አያቱ በ1917 የተዋሱትን መጽሐፍ ይዞ መጣ። መቶ ዓመት በቤተሰብ እጅ የኖረ መጽሐፍ! እኔ በዘጠኝ ዓመት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል ነበር።

በ2019 ቺካጎ የመዘግየት ቅጣትን ጭራሽ አነሳች። በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የተመላሽ መጻሕፍት ቁጥር 240 በመቶ እንደጨመረ ቤተ መጻሕፍቱ አስታወቀ። አየርላንድም በዚያው ዓመት በመላ አገሪቱ ቅጣቱን አስቀርታለች። በጥቅምት 2021 ደግሞ የኒው ዮርክ ሦስቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቋማት ተከተሉ። እዚያ በቅጣት ምክንያት ካርዳቸው ታግዶ የነበረው ወደ 400 ሺህ ሰዎች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚኖሩት ችግር በበዛባቸው ሰፈሮች ነው። ከዚያ በኋላ ከተመለሱት መጻሕፍት አንዳንዶቹ በጣም ከመቆየታቸው የተነሳ በመዝገብ ላይ እንኳ አልነበሩም። ልክ እንደ እኔ የወፎች መጽሐፍ።

ይህን ስናገር የሚቃወሙኝ አሉ። አንድ ወዳጄ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በቀኑ ስመልስ የኖርኩት ለምኔ ነው?» አለኝ። ቅሬታው እውነት አለው። በቀኑ የሚመልስ ሰው ባይኖር ቤተ መጻሕፍት የሚባል ነገር አይኖርም። እኔ የያዝኩትን መጽሐፍ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ይኖራል። ወፎችን የምትወድ ሌላ የአምስት ዓመት ልጅ መደርደሪያው ጋ ሄዳ አጥታው ይሆናል። ይህን ሳስብ አንገቴን እደፋለሁ። ቢሆንም ያቺ ልጅ የምትፈልገው መጽሐፉን ነው። የእኔ ቅጣት ምን ያደርግላታል? ቅጣቱ መጽሐፉን ቤቴ ያቆየው ከሆነ ደግሞ የተጎዳችው እሷው ናት።

ሌላም ነገር አለ። ቅጣት ሁሉንም እኩል አይመታም። ያለው ሰው ከፍሎ ማንበቡን ይቀጥላል። የሌለው ሰው ካርዱን ያጣል፤ ልጆቹም አብረው ያጣሉ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2019 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ የገንዘብ ቅጣትን አንድ የማኅበራዊ ኢፍትሐዊነት መልክ ብሎታል። እኔም በዚያ ቃል እስማማለሁ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተሠራው መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ጭምር ነው። መጀመሪያ ከበሩ የሚመለሰው እሱ ከሆነ ምኑን የሕዝብ ሆነ?

መጽሐፍ እንዳይጠፋ ማስፈራራት እርግጥ የዛሬ ነገር አይደለም። በብራና ዘመን መጻሕፍት ላይ የሰረቀውና የፋቀው የተገዘተ ይሁን ተብሎ ይጻፍ ነበር። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ወራት ሲፈጅ፣ ለብራናው የስንት እንስሳ ቆዳ ሲያልቅ፣ ያ ቁጣ ይገባኛል። ዛሬ የምንፈራው ግዝት የለም። በምትኩ ያልተከፈተ መልእክት እንፈራለን።

አንድ የተማርኩትን ነገር ላካፍላችሁ፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ከዓመታት በፊት እሄድ ነበር። የመዘግየት ቅጣትና የጠፋ መጽሐፍ ዋጋ የተለያዩ ናቸው። መጽሐፉ የተወሰነ ሳምንት ሲያልፈው ኮምፒውተሩ ራሱ «ጠፍቷል» ብሎ ይመዘግበውና የመተኪያ ዋጋውን ስማችሁ ላይ ይጽፈዋል። ያ የሚያስደነግጠው ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። እኔ የማይለቅ ዕዳ መስሎኝ ነበር። በአብዛኛው ቦታ ግን መጽሐፉ በደህና ሲመለስ ያ ዋጋ ይሰረዛል። ማለትም መጽሐፉን ስታገኙት ዕዳውም ወረደላችሁ። የጠፋውን የእንጨት ሥራ መጽሐፍ ዋጋ ግን መክፈል ነበረብኝ፤ ያም ልክ ነው። በአንዴ ካልተቻለ በየወሩ እየከፈልክ ትጨርሳለህ ብለውኛል። ቅጣት በቀረበት ቦታም ቢሆን የጠፋ መጽሐፍ በነፃ ይለቀቃል ማለት አይደለም።

ደግሞ ሳትጠይቁ ምትክ ገዝታችሁ አትሂዱ። የሚቀበል አለ፣ የማይቀበል አለ፤ የሚቀበለውም ያንኑ እትም ሊፈልግ ይችላል። መጽሐፉ የተቀደደ ከሆነ በፕላስተር አትለጥፉት። ሙጫው ውሎ ሲያድር ወረቀቱን ያቢጫዋል፣ ያደርቀዋል። እነሱ የሚጠግኑበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ውሃ የነካው ከሆነ ደጅ ላይ ባለው የመጽሐፍ መመለሻ ሣጥን አትክተቱት፣ በእጅ ሰጥታችሁ ንገሯቸው። ሻጋታ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ይዛመታል። ደረቅና ደህና ከሆነ ግን፣ ፊት ለፊት መቅረብ ከከበዳችሁ፣ ማታ ሄዳችሁ ሣጥኑ ውስጥ መክተት ትችላላችሁ። ማንም አያያችሁም። መጽሐፉ ቤቱ ይገባል፣ ለካርዱ ሌላ ቀን ትሄዳላችሁ።

ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችም አንድ ልመና አለኝ። ቅጣቱን ካነሳችሁ በውጭ በኩል ለጥፉት። በሬዲዮ አስነግሩት፣ ለወላጆች በትምህርት ቤት በኩል ላኩት። ለታገዱት ሰዎች የሚሄደው መልእክት ደግሞ በዕዳ መጠን አይጀምር። የመጀመሪያው መስመር «እንድትመለሱ እንፈልጋለን» ቢል እኔ እከፍተው ነበር። ቅጣት ያላነሳችሁም በዓመት አንዴ የምሕረት ሳምንት ሞክሩ። ስንት መጽሐፍ ወደ መደርደሪያ እንደሚመለስ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ለምትቀመጡት ባለሙያዎች ደግሞ ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ያ ስክሪን ማዞር፣ ያ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ለእናንተ የሥራ ልማድ ይሆናል። ለእኔ የዘጠኝ ዓመት በር ከፍቶልኛል።

ልጄ ካርዷን አውጥታለች። እኔም ካርዴ ታድሶልኛል። ቅዳሜ ዕለት አብረን ሄደን ነበር። እሷ አሁን ወደ አዋቂዎች መደርደሪያ ትሄዳለች። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ልጆች ክፍል ጎራ አልኩ። የወፎቹ መጽሐፍ ጀርባው ላይ አዲስ ቁጥር ተለጥፎበት ቦታው ላይ ቆሟል። የወይን ጠጁ ክንፍም አለ።

የቀረው የእንጨት ሥራው መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፣ ከታች በኩል ጠርዙ ትንሽ ተላጧል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ክብ ማህተም አለ። ዕቃ ሲያግዘኝ የወሰደው ሰው ይህን ካነበበ፣ ለእኔ ማምጣት አያስፈልገውም። በቀጥታ ወደዚያ ይውሰደው። ዋጋውን ከፍዬዋለሁ፣ ምንም አይጠይቁትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ