ከመኪናዎ ቀለም ላይ ሬንጅ ስለማስለቀቅ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

በአዲስ አበባ ብዙ መንገዶች እየታደሱ በመሆናቸው፣ ፓራፋንጎአቸውና የበሮቻቸው ግርጌ በሬንጅ ነጠብጣብ የተሞላ መኪኖች ወደ ላቫጆአችን እየመጡ ነው። ሬንጁ በተለመደው እጥበት የማይለቀው ለምን እንደሆነና ለብቻው የምናስከፍልበትን ምክንያት ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁን ይህን ጽፈናል።

ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ በመሆኑ ውኃና ሳሙና አያሟሙትም። አስፋልት ከመነጠፉ በፊት በጠጠሩ ላይ የሚረጨው ሬንጅ ብዙውን ጊዜ በላምባ የቀጠነ ስለሆነ፣ ሳይደርቅ የነዱበት እንደሆነ ጎማው እያነሣ በመኪናው አካል ላይ ይረጨዋል፤ ላምባው ተንኖ ሲያልቅም ሬንጁ ቀለሙን ይዞ ይደርቃል። በነጭ መኪና ላይ ሲቆይ ደግሞ ከተነሣ በኋላ እንኳ ቡናማ ጥላ ሊተው ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ቢያመጡልን እንመርጣለን።

በቢላዋ ወይም በሽቦ ከመፋቅ እንዲቆጠቡ አጥብቀን እናሳስባለን። ከቀለሙ በላይ ያለው ገላጭ ሽፋን ውፍረቱ በአብዛኛው 50 ማይክሮን (0.05 ሚሊሜትር) ገደማ ብቻ ነው። ቤንዚን ሬንጁን ቢያሟሟም ቶሎ ስለሚተን ጥቁሩን ወደ ጎን ያሰራጨዋል፣ ጎማና ፕላስቲክ ይጎዳል፣ የእሳት አደጋም አለው። ቲነርማ በጋራዥ የተቀባን ቀለም ጭምር ሊያነሣ ይችላል።

እኛ በመጀመሪያ አቧራውን በደንብ እናጥባለን፤ ምክንያቱም በጨርቁ ሥር የቀረ አሸዋ ከሬንጁ ይበልጥ ቀለሙን ይጎዳል። ከዚያም መኪናው በጥላ ሥር ከቀዘቀዘ በኋላ ለስላሳ ጨርቅ በሬንጅ ማስለቀቂያ ፈሳሽ አርሰን ነጠብጣቡ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ እናቆየዋለን፤ ሬንጁ ሲላላ ሳናሽ እናነሣዋለን፣ ጨርቁንም በየጊዜው ወደ ንጹሕ ገጹ እናዞራለን። ማስለቀቂያው ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰምም አብሮ ስለሚያነሣ፣ በሻምፖ ካጠብን በኋላ አዲስ ሰም እንቀባለን። ጊዜውም ዋጋውም የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጠብጣቡ ጥቂትና ትኩስ ከሆነ በቤትዎ የምግብ ዘይት ቀብተው ሩብ ሰዓት ያህል ካቆዩ በኋላ በጨርቅ አንሥተው በሳሙና ማጠብ ይችላሉ፤ አዝጋሚ ቢሆንም ቀለሙን አይጎዳም።

መኪናዎ በቅርቡ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ እባክዎ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ይንገሩን። በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አስቀድመን እንሞክራለን፤ ቀለሙ ገና ካልጠነከረ ግን ሥራውን ለሌላ ጊዜ እናስተላልፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና እጥበትና እንክብካቤ ድርጅታችሁ