ያላበላሸነውን ከማስያዣችን አትቁረጡብን

ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለቤት ዕቃ አከራይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተቆረጠ የማስያዣ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በሚቆይ ውል ሶፋ፣ የምግብ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ፣ ሁለት አልጋ ከነፍራሹና አንድ ቁም ሣጥን ከድርጅታችሁ ተከራይቼ ነበር። የወር ኪራዩ 12,000 ብር፣ ማስያዣው 36,000 ብር ነው። ኪራዩን በየወሩ መጀመሪያ በባንክ ሒሳባችሁ ሳስገባ ቆይቻለሁ። ዕቃው ከተመለሰ በኋላ ግን ከማስያዣዬ የደረሰኝ 11,500 ብር ብቻ ነው። ቀሪው የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ በቴሌግራም አጭር ዝርዝር ተላከልኝ፦ ሶፋ ማጽጃ 6,500፣ የአልጋ ጥገና 4,800፣ የጠረጴዛ ጉዳት 7,200፣ የጳጉሜን ኪራይ 2,000፣ ዘግይቶ ለተመለሰ ዕቃ 4,000፣ በድምሩ 24,500 ብር። ደረሰኝ አልተያያዘም፤ ፎቶ የለም፤ ጉዳቱን ማን እንዳየውና መቼ እንዳየው አይልም።

ዕቃ የተከራየሁት ወድጄ አልነበረም። ቤተሰቤ በሥራ ምክንያት ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋላቸው መነሳት ነበረብን፤ ክረምት ላይ ደግሞ የቤት ዕቃ በአይሱዙ ጭኖ ዝናብና ናዳ ባለበት የዓባይን በረሃ ማቋረጥ ዕቃውንም ሹፌሩንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ የራሳችን ዕቃ ክረምቱ እስኪወጣ እህቴ ቤት ተቀመጠ። ለሦስት ወር ብሎ አዲስ ሶፋና አልጋ መግዛት የማይታሰብ ነበር፤ እናቴን ደግሞ በጉልበት ሕመሟ ወለል ላይ ላስተኛት አልችልም። የእናንተን ማስታወቂያ ሳይ እፎይ ያልኩት ለዚህ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ማጠናቀቂያ የሚሠሩ፣ ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ምትክ የሚጠብቁ፣ ለሥልጠናና ለሕክምና ለጥቂት ወራት ወደ ከተማው የሚመጡ ብዙ ሰዎች ይህን አገልግሎት ይፈልጋሉ። ሁሉም ወደ እናንተ የሚመጡት አቅማቸው በተሟጠጠበት፣ ሌላ አማራጭ በሌላቸው ሰዓት ነው። ቅሬታዬን በዝርዝር የምጽፈውም የእኔ ገንዘብ ብቻ ስላሳሰበኝ አይደለም።

ዕቃው የመጣው ከጠዋቱ ቀጠሮ አልፎ ምሽት ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሸራ ባልለበሰ መኪና ነው። ውላችን እስከ አራተኛ ፎቅ ማድረስን ይጨምራል። ሹፌሩ ግን ሰሚት ኮንዶሚኒየም በር ላይ አቁሞ «ከጫኝ አውራጆቹ ጋር ተስማሙ» አለን። በዝናብ የቆመ ሶፋ ይዞ መከራከር ስለማይቻል 3,000 ብር ከፍለን አስወጣን። መብራትም ጠፍቶ ነበር። በዚያ ጨለማ የቀረበልኝ ወረቀት «ዕቃውን በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም አልነበረበትም፤ የትኛው ዕቃ፣ ምን ያህል ያገለገለ፣ የት ላይ ጭረት ያለው የሚል ዝርዝር የለውም። ከፊርማዬ በላይ «መብራት በሌለበት፣ ሳይፈተሽ የተረከብኩት» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ጠዋት ሲነጋ የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላችሁ። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ዛሬም አለ። መልስ ግን አልተጻፈልኝም።

አሁን ወደ ሶፋው ልምጣ፤ በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። ከገባ ብዙም ሳይቆይ የልጆቼ ክንድና አንገት በቀይ እብጠት ተሞላ። መጀመሪያ ምግብ አልተስማማቸውም ብለን ነበር። ሌሊት በስልክ መብራት የሶፋውን ስፌት ገልጠን ስናይ ትኋን ነው። ከስፌቱ ሥር ጥቋቁር ነጠብጣብና የተገፈፈ ቅርፊት ተደርድሮ ነበር፤ ይህ ደግሞ በአንድ ሳምንት የሚፈጠር አይደለም። ትኋን ሳይበላ ወራት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ከአንዱ ተከራይ የተመለሰ ሶፋ መጋዘን ውስጥ ስለከረመ ብቻ ንጹሕ ሆነ ማለት አይቻልም።

ስደውል ያደረጋችሁት አንድ ልጅ ፍሊት አስይዞ መላክ ነው። ልጁ በትሕትና መጥቶ የሶፋውን ላይ ላዩን ነፋና ሄደ። ፍሊት በስፌትና በእንጨት መጋጠሚያ ውስጥ የተደበቀውን አያገኘውም፤ እንቁላሉንም አይገድልም። እንቁላሉ ደግሞ በሳምንት በአሥር ቀን ይፈለፈላል፤ እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ሶፋው እንዲቀየር ጠየቅሁ፤ «ተመሳሳይ ስለሌለ ታገሡ» ተባልኩ። በኋላ በራሴ ወጪ ባለሙያ አስመጥቼ ሙቅ እንፋሎት አስለቀቅሁ፤ የአልጋ ልብሱንና መጋረጃውን በሙሉ በፈላ ውሃ አጠብን። ይህን ሁሉ ያደረግሁት የእናንተን ሶፋ ለማዳን ጭምር ነበር። ዛሬ «ሶፋ ማጽጃ» ተብሎ 6,500 ብር ሲቆረጥብኝ፣ የእናንተን ትኋን በገንዘቤ አስወጥቼ እንደገና ለእናንተ መክፈሌ ነው።

የጠረጴዛው ነገር ሌላ ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ የዋንዛ ጠረጴዛ ይላል። የመጣው ላዩ ላይ የእንጨት መልክ ያለው ወረቀት የተለጠፈበት ቺፑድ ነው። ዋንዛና ቺፑድ በዋጋም በዕድሜም አይገናኙም። ቺፑድ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው ቅርጹ አይመለስም። የዚህ ጠረጴዛ ጠርዝ አብጦና ተላጦ የመጣ መሆኑ በማግሥቱ የላክሁላችሁ ፎቶ ላይ በግልጽ ይታያል። ያረጀው እብጠት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የዚያን ምሽት ዝናብ ግን ሸራ በሌለው መኪናችሁ ላይ ሆኖ እንደጠጣ ዓይኔ አይቷል።

አልጋውም ሲመጣ አንድ እግሩ በቁራጭ ጣውላና በሚስማር ተደግፎ ነበር። የገጠሙት የእናንተ ሠራተኞች ናቸው፤ «ብሎኑ ቀዳዳው ሰፍቶበታል» ያለኝም ከእነሱ አንዱ ነው። እውነቱን ነው። ከቤት ቤት እየተፈታ የሚገጠም አልጋ ቀዳዳው መስፋቱ አይቀርም። ያ የኪራይ ሥራ ወጪ ስለሆነ በየወሩ የምንከፍለው 12,000 ብር ውስጥ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን አከራይ ዕቃውን ለአገልግሎቱ በሚመች ሁኔታ እንዲያስረክብ ግዴታ ይጥልበታል፤ በተገቢ አጠቃቀም የመጣ እርጅና ተከራይ ላይ አይወድቅም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚያገኘው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዋንዛ ብሎ ቺፑድ ማቅረብ ከዚህ ድንጋጌ ጋር አይሄድም።

ጳጉሜንን በተመለከተ፣ ውሉ የተጻፈው በወር ነው፤ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ተብለው ተዘርዝረዋል። በአገራችን በወር የተዋዋለ የቤት ኪራይም ሆነ የወር ደሞዝ ጳጉሜንን ለብቻዋ አያስከፍልም። ማስከፈል ከፈለጋችሁ ውሉ ላይ መጻፍ ነበረባችሁ።

«ዘግይቶ የተመለሰ» የሚለውንም አልቀበልም። ዕቃውን እንድትወስዱ መስከረም አጋማሽ ላይ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ውሉ ሲያልቅ «መኪና የለም፣ እንደውላለን» ያላችሁት እናንተ ናችሁ። የራሳችን ዕቃ ከባሕር ዳር ደርሶ ከእናንተ ዕቃ ጋር ሳሎን ውስጥ ተደራርቦ ስንቸገር ነበር። እኔ ውሰዱልኝ እያልኩ ለቆየ ዕቃ የቀን ኪራይ እንዴት እከፍላለሁ?

ስለዚህ የተቆረጠው 24,500 ብር በሙሉ፣ እንዲሁም ውሉ እያለ ለጫኝ አውራጅ የከፈልኩት 3,000 ብር፣ በድምሩ 27,500 ብር ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ በባንክ ሒሳቤ እንዲገባ እጠይቃለሁ። ከተቆረጠው ውስጥ በትክክል የእኔ ጥፋት ነው የምትሉት ካለ ሲመጣና ሲመለስ የተነሳውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ጥገናው የተሠራበትን ደረሰኝ አያይዛችሁ አሳዩኝ፤ በቅንነት አየዋለሁ።

ለሌሎች ተከራዮች ስል ደግሞ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ርክክብ በቀን ብርሃን ይሁን፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ሁኔታ በዝርዝር ተጽፎና ፎቶ ተነሥቶ ሁለታችንም እንፈርምበት። ለእናንተ ሠራተኛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ያንን ሶፋ በተመለከተ፣ ለሌላ ቤተሰብ ከመላኩ በፊት ስፌቱ ተፈትቶ በባለሙያ በሙቀት እንዲታከም፣ ካልሆነም ጭራሽ ከኪራይ እንዲወጣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አሁን ሰው ቤት ገብቶ ከሆነ እባካችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው።

የውሉ ቅጂ፣ የባንክ ማስረጃዎች፣ በእስክሪብቶ የጻፍኩበት የርክክብ ወረቀት፣ ፎቶዎቹና የቴሌግራም መልእክቶቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል።

ከአክብሮት ጋር
የኪራይ ውሉ ተዋዋይ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ