ከኮሚሽኑ ጋር ስላደረግነው ስብሰባና ስለ ደብዳቤዎቻችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ወደ አገር ቤት የምትደውሉበት ድርጅታችን ለመንግሥት ያስገባው ማስታወሻ ከነደብዳቤዎቻችሁ በመዝገብ ላይ ከታየ ወዲህ፣ ባለፈው ሳምንት ስልካችን ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ሰነበተ። «ሳትነግሩን ከመንግሥት ጋር ተቀምጣችሁ ስለ እኛ አወራችሁ» ብላችሁኛል። አንዲት እናት «ልጄ፣ የእኔ ስም መንግሥት ፋይል ላይ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

አዎ፣ የስልክና የብሮድካስት ሥራን ከሚቆጣጠረው ከአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሠራተኞች ጋር በቪዲዮ ተነጋግረናል። ተደብቀን ግን አልነበረም። ያያችሁትን ባለ 3 ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ኮሚሽኑ ገና እየመከረበት ስላለ ደንብ ሠራተኞቹን ለብቻው ያነጋገረ ሰው፣ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ እነማን እንደተገኙና ምን እንደተባለ ጽፎ ማንም በሚያየው መዝገብ ላይ ማስገባት አለበት። «ተገናኝተን ተወያየን» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ያቀረበውን ክርክር መግለጽ ግዴታው ነው። በዚያ ሌሊት ከባለቤቴ ጋር የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አንብበነዋል።

ይህ ሕግ ከሜዳ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰው፣ ቻናል 2 የሚባለው የስርጭት መስመር ከስፕሪንግፊልድ ኢሊኖይ ወደ ሴንት ሉዊስ እንዲዛወር ፈልጎ ኮሚሽነሮቹን ለብቻቸው ያነጋግር፣ ምሳ ይጋብዝ፣ ለገና ተርኪ ይልክላቸው ነበር። ይህ ሲታወቅ ፍርድ ቤት በ1959 ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። እኔ ተርኪ የምልክበት አቅምም ፍላጎትም የለኝም። ያለኝ የእናንተ ደብዳቤ ነበር።

ለምን እንዳነጋገርኳቸው ደግሞ ስሙኝ። ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 ስንጀምር በሳንቲም የሚፋቅ የስልክ ካርድ በየሱቁ እያዞርኩ እሸጥ ነበር። ያኔ የስልክ ድርጅቶች ለሁለንተናዊ አገልግሎት ፈንድ የሚከፍሉት መዋጮ ከስቴት ወደ ስቴትና ከውጭ አገር ጥሪ ከሚያገኙት ገቢ 10 በመቶ አካባቢ ነበር። በ2025 ሁለተኛ ሩብ ዓመት 36.6 በመቶ ደረሰ። ፈንዱ ለገጠር፣ ለትምህርት ቤትና ለቤተ መጻሕፍት ነው፤ አልቃወመውም። እንደ እኛ ያለውን ድርጅት በሕይወት ያቆየው ግን አንድ ነገር ነው፦ ከስቴት ወደ ስቴት ጥሪና ከውጭ አገር ጥሪ የምናገኘው ገቢ አንድ ላይ ሲደመር፣ ከዚያ ድምር ውስጥ የስቴት ለስቴቱ ጥሪ ድርሻ ከ12 በመቶ በታች ከሆነ፣ ከውጭ አገር ጥሪ ገቢው ላይ መዋጮ አንከፍልም። ልጆቻችሁ በየስቴቱ ሲበተኑ እርስ በርስ የምትደዋወሉትም በእኛ መስመር ሆነ። ደስ ይለኛል፤ ግን ወደዚያች 12 እየተጠጋን ነው። ከደረስንባት ወደ አገር ቤት በምትደውሉት ጥሪ ሁሉ ላይም መክፈል ሊመጣብን ነው። ዝም ብዬ ዋጋ ልጨምርባችሁ? ለዚህ ነው ያነጋገርኳቸው። «ስለ እኛ አወራችሁ» ስትሉኝ የከፋኝም ለዚህ ነው፤ ያወራሁት ለእናንተ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። የጻፋችሁልኝን ደብዳቤዎች ከማስታወሻው ጋር ሳያይዛቸው በፊት ስልክ ቁጥሩን ሸፈንኩ፣ ስሙን አልሸፈንኩም፤ ፈቃዳችሁንም አልጠየቅሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስሙ እንዲሸፈን የሚፈልግ እስከ ዓርብ ይደውልልኝ፤ ስም በሌለው ቅጂ እንዲተካ ለኮሚሽኑ አመለክታለሁ። ከአሁን በኋላ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲኖር አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፣ ማስታወሻውንም ባስገባሁበት ቀን በአማርኛ እልክላችኋለሁ። ሂሳባቸውን የዘጉትንም አልቀየምኩም፤ ቁጥራቸው አሁንም እንደተመዘገበ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በበዓል ቀን እንኳ ስልኩን ያላነሳሁበት ጊዜ የለም፤ አሁንም የማነሳው እኔው ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት