«>» የተርሚናል ውሎን ሁሉ አይመዘግብም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የተሠራን ሥራ ፋይል ላይ ለማስቀረት የ«>» ምልክት እንደሚበቃ ጽፏል። አይበቃም። ምልክቱ የሚይዘው የአንዲት ትእዛዝን መደበኛ ውጤት ነው። የስህተት መልእክት በሌላ መስመር ስለሚወጣ ስክሪኑ ላይ ይቀራል፤ ችግር ሲፈጠር ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ ከፋይሉ ስም በኋላ «2>&1» ይጨመራል። ከ«>» አስቀድመው ከጻፉት ስህተቱ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ሼሉ (ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፣ መደበኛው ውጤትም ገና ወደ ፋይሉ አልዞረም። ነጠላው «>» ፋይሉን ባዶ የሚያደርገው ትእዛዙ ከመጀመሩ በፊት መሆኑም አልተነገረም። የትእዛዙን ስም ተሳስተው ቢጽፉ እንኳ የቀድሞው ይዘት ሄዷል። በነበረው ላይ ለመቀጠል «>>» ነው።

ትእዛዙንም ውጤቱንም፣ ሴሽኑን (ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠራውን) እንዳለ የሚቀዳው በሊኑክስና በማክ ያለው «ስክሪፕት» (script) የተባለ ትእዛዝ ነው። ከስሙ ቀጥሎ የፋይል ስም ይሰጡታል፣ ሥራዎን ይሠራሉ፣ ሲጨርሱ «ኤግዚት» ይላሉ። ስም ካልሰጡት «ታይፕስክሪፕት» በሚባል ፋይል ላይ ይጽፋል፤ የትናንቱን በዛሬው እንዳይተካ ሰረዝ ኤ (-a) ይጨመርለት። «ኤግዚት» ሳይሉ መስኮቱን ከዘጉ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ሊጎድሉ ይችላሉ። (የ«ሂስትሪ» ፋይል የዚህ ምትክ አይሆንም፤ የተጻፈውን ትእዛዝ እንጂ የመጣውን መልስ አይዝም።)

የተቀዳው ፋይል ንጹሕ ጽሑፍ አይደለም። የቀለም ኮዶችና ተጽፈው የጠፉ ፊደላት ሳይቀሩ ገብተውበታል። የፋይልን ይዘት በሚያሳየው ትእዛዝ በ«ካት» (cat) ተርሚናል ላይ ሲያሳዩት ደህና ይመስላል፣ በጽሑፍ ማረሚያ ሲከፍቱት ግን «[31» የመሳሰለ ዝባዝንኬ ይሞላዋል። «ኮል» የተባለው ትእዛዝ ከሰረዝ ቢ ጋር (col -b) የተሰረዙትን ፊደላት ያጠራል፤ የቀለም ኮዶቹን ግን አያወጣም። ከመነሻው ቀለሙን አጥፍቶ መሥራት፣ እንደ «ቪ» ያለ ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ፕሮግራምም በቅጂው መሃል አለመክፈት ይቀላል።

በዊንዶውስ ፓወርሼል «ስታርት-ትራንስክሪፕት» እና «ስቶፕ-ትራንስክሪፕት» ተመሳሳዩን ይሠራሉ።

የይለፍ ቃል ተጠይቀው ሲጽፉ ስክሪኑ ላይ ስለማይታይ «ስክሪፕት» አይቀዳውም። ትእዛዙ ውስጥ ራሱ አስገብተው ከጻፉት ግን ፋይሉ ላይ በግልጽ ይቀመጣል። ስለዚህ ባዶ ፋይል አስቀድሞ ፈጥሮ ፈቃዱን 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነብበትና የሚጽፍበት) ማድረግ፣ ከዚያ በሰረዝ ኤ በላዩ ላይ መቅዳት ነው። ፈቃዱን ሥራው ካለቀ በኋላ መቀየር፣ በመሃሉ የማሽኑ ሌላ ተጠቃሚ ፋይሉን ከፍቶ ሊያነብበት የሚችል ጊዜ ይተዋል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ