አንድ ጠርሙስ ብቻ ለምን እንደላክሁልሽ

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ ገና አልለቀቀንም።

ሻንጣውን ስትከፍቺ ከሹራቡ ሥር አንዲት ትንሽ የቢ12 ክኒን ጠርሙስ ታገኛለሽ። ሌላ የለም። «ቪታሚኖቼን የት አደረስሻቸው?» ማለትሽ አይቀርም፤ በስልክ ከምንጨቃጨቅ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው ፋሲካ የላክሁልሽ የትልቁ ቀይ ጠርሙስ ጥፋት የኔ ነው። ሽበታም ሴትዮ እየሳቁ ተሥለውበታል፣ ዋጋውም ወደድ ያለ ነው፤ ውድ ነገር ደህና ነገር መስሎኝ ገዛሁት። ጀርባውን ያነበብኩት ገና አሁን ነው። የዕፅዋት ስም ይደረድርና ድምሩን ብቻ ይጽፋል፤ የትኛው ስንት እንደገባ የለም። አንቺ የተፈጨ በርበሬ ስትገዢ እንኳ ምን እንደገባበት ሳታጣሪ ብር አታወጪም! ብረትም 18 ሚሊግራም አለበት፤ ይህ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶች የሚመከር ልክ ነው። በአንቺ ዕድሜ 8 ይበቃል፣ እሱንም ከምግብ።

ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጥ ሁሉ መንግሥት መርምሮ የፈቀደው ይመስለኝ ነበር። ለካ እዚህ አገር በ1994 በወጣው ሕግ (በፈረንጁ ነው) ቪታሚንና የዕፅዋት ክኒን እንደ መድኃኒት ቅድሚያ ፈቃድ ሳይጠየቅበት ገበያ ይወጣል። ስለዚህ አሁን ከሥዕሉ ይልቅ «ዩ ኤስ ፒ» የሚል ማኅተም እፈልጋለሁ። አምራቹ ያልሆነ ድርጅት፣ የተጻፈው በልኩ መኖሩን፣ እንደ እርሳስ ያለ ጎጂ ነገር ከልክ በላይ አለመግባቱን፣ ክኒኑም በደንብ መሟሟቱን ፈትሾ የሚሰጠው ነው። ይጠቅምሻል ማለት ግን አይደለም።

የሚጠቅምሽን ለማወቅ ደግሞ አንቺን ማየት ያስፈልጋል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒትሽን ከጀመርሽ 11 ዓመት ሆነሽ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12 የሚባለውን ቪታሚን ያሳንሳል፤ ዕድሜም እንዲሁ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ አንቺ ደግሞ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ትጾሚያለሽ፣ ረቡዕና ዓርብ አያልፉሽም። ሽሮው የፈለገ ቢጣፍጥ ቢ12 የለውም። እግርሽን የሚያደነዝዝሽ ስኳሩ ሊሆን ይችላል፤ የቢ12 እጥረትም ልክ እንደዚያው ያደነዝዛል። ስለዚህ ሐኪምሽን «ቢ12 በደም ይታይልኝ» በዪው። ጠርሙሷን ከምርመራው በፊት አትክፈቺያት፤ ውጤቱን ያዛባዋል። ይዘሻት ሄደሽ ለሐኪሙ አሳዪው፣ ውሰጂ ካለሽ ትወስጃለሽ። ሜትፎርሚኑን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ አደራ።

«የጾም ነው ወይ?» ትያለሽ። የቀዩ ጠርሙስ እንክብል ሽፋኑ ጀላቲን ነበር፤ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ነው፣ ከየትኛው እንደሆነ አልጻፉም። ለንስሐ አባትሽ ኃጢአቱ የልጄ ነው በያቸው። የአሁኗ ጠፍጣፋ ክኒን ናት፣ ጀላቲን የላትም፤ ቢ12ቱም በባክቴሪያ ተብላልቶ የሚሠራ ነው፣ ከጠላ ጥንስስ ብዙ አይርቅም።

ጎረቤትሽ የምታመጣልሽን «ስኳር ከሥሩ ይነቅላል» የሚባለውን ዱቄት ግን በፍጹም እንዳትነኪው። እንዲህ እየተባሉ ከሚሸጡት ውስጥ እውነተኛ የስኳር መድኃኒት በድብቅ የተቀላቀለባቸው እዚህ ተይዘዋል። ከራስሽ ክኒን ጋር ሲደመር ስኳርሽን ድንገት ሊጥለው ይችላል። እሷን ማስቀየም የለብሽም፤ ቡናችሁን ጠጡ፣ ዱቄቱን «ልጄ ከለከለችኝ» በያት።

ውጤቱ ሲወጣ ወንድሜ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ቀዩን ክኒን ድፊው። ጠርሙሱን እንደማትጥይው አውቃለሁ፤ ለሚጥሚጣ ይሆንሻል፣ ብቻ ስያሜውን ላጪው።

ልጅሽ