ልጄ፣ ቴክሳስን በአንድ ቁጥር አትፍሪያት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለመሆኑ አንቺ፣ ባለቤትሽና ማሙሽ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ሰሞኑን በስልክ ያነሳሽልኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ባለቤትሽ ቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ ሥራ አግኝቷል። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ዘመድም አለን። አንቺን ግን አንድ ዝርዝር አስፈራሽ። ስቴቶችን በተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት ከላይ እስከ ታች የደረደረ ዝርዝር። አሁን የምትኖሩባትን ዊስከንሰንን ከቴክሳስ በላይ አየሽና «ልጄን ወደ ደካማ ትምህርት ቤት ልወስደው ነው?» አልሽ። ማሙሽ እያለቀሰ ስልኩን ስለዘጋሽው ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ሂሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁጥር ሰውን በከንቱ ሲያስፈራ ዝም ብዬ ማየት አይሆንልኝም።

ሂዱም ቅሩም አልልም፤ የቤታችሁ ጉዳይ ነው። በዚያ ዝርዝር ብቻ እንዳትወስኑ ነው የምለው።

እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ፈተና አለው። የማለፊያ ነጥቡንም የሚቆርጠው ራሱ ነው። ስለዚህ አንዱ ስቴት «ከተማሪዎቼ ይህን ያህሉ አልፈዋል» ቢል ከሌላው ጋር ለማወዳደር አይሆንም። ሁሉንም በአንድ መለኪያ የሚለካው ኔፕ የሚባለው የፌዴራል ፈተና ነው። «የአገሪቱ ሪፖርት ካርድ» ይሉታል። የተጀመረው በ1969 ነው፤ ስቴቶችን ማወዳደር የጀመረው ደግሞ በ1990። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።) የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች በንባብና በሂሳብ ይፈተናሉ፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 500 ነው። ሁሉም ልጅ አይፈተንም፤ ናሙና ነው የሚወሰደው። ጥሩ ፈተና ነው፣ እኔ አምነዋለሁ። የማላምነው አማካዩን ብቻ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ነው።

የ2009ን ውጤት ልንገርሽ። ቆየት ብሏል፤ ግን ልክ የአንቺን ሁለት ስቴቶች የሚመለከት ነው፣ በጊዜውም ብዙ አከራክሯል። በ4ኛ ክፍል ሂሳብ ዊስከንሰን 244፣ ቴክሳስ 240 አመጡ። በ8ኛ ክፍል ዊስከንሰን 288፣ ቴክሳስ 287። (በናሙና በተሠራ ፈተና የአንድ ነጥብ ልዩነት ልዩነት አይባልም። ዝርዝር ላይ ግን አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ለማስቀመጥ ይበቃል።) ዝርዝር የሚያወጣው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዊስከንሰን በለጠች፣ አለቀ።

አሁን ውስጡን እይው። በዚያው የ8ኛ ክፍል ሂሳብ የቴክሳስ ነጭ ተማሪዎች 301 አመጡ፣ የዊስከንሰኖቹ 294። ሂስፓኒክ የሚባሉት፣ ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ ተማሪዎች፣ ቴክሳስ ውስጥ 277፣ ዊስከንሰን ውስጥ 268። ጥቁር ተማሪዎች ቴክሳስ ውስጥ 272፣ ዊስከንሰን ውስጥ 250። በሦስቱም ቴክሳስ ትበልጣለች። 4ኛ ክፍልም ላይ እንደዚያው ነው። ሁሉም ተደምሮ ሲካፈል ግን ዊስከንሰን ከላይ ወጣች።

እንዴት ይሆናል ትዪ ይሆናል። ወረቀት አውጪና አብረን እናስላው። አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ልጆች አሉ እንበል። ስምንቱ ወላጆቻቸው የተማሩ፣ ቤታቸው የሞላ ነው፤ እያንዳንዳቸው 80 አመጡ። ሁለቱ ኑሮ የከበዳቸው ናቸው፤ 60 አመጡ። አማካዩ 76 ይሆናል። ጎረቤት ያለው ክፍልም አሥር ልጆች አሉት። ቤታቸው የሞላው ሦስት ብቻ ናቸው፤ 84 አመጡ። ኑሮ የከበዳቸው ሰባት ናቸው፤ 65 አመጡ። አማካዩ 70.7። የሁለተኛው ክፍል አስተማሪ ያላቸውንም የሌላቸውንም ልጆች የተሻለ ቦታ አድርሷል። ደረጃ ሲወጣ ግን ሁለተኛ የሚባለው እሱ ነው። በስታቲስቲክስ የታወቀ ነገር ነው፤ የሲምፕሰን ፓራዶክስ ይሉታል። በ2009 ከቴክሳስ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሂስፓኒክ ነበሩ። ዊስከንሰን ውስጥ ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ነጭ ነበር። ከቴክሳስ ልጆች ጥቂት የማይባሉት ትምህርት ቤት ሲገቡ ገና እንግሊዝኛ የሚጀምሩ ናቸው።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። የቆዳ ቀለም ነጥብ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከጀርባው ያለው የቤት ገቢ ነው፣ የእናትና የአባት ትምህርት ነው፣ ሰፈር ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት ነው። የዊስከንሰኗን ከተማ ሚልዋኪን ታውቂያታለሽ። ነጭና ጥቁር ተለያይተው ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ናት። በዊስከንሰን በነጭና በጥቁር ተማሪዎች ውጤት መካከል ያለው ክፍተትም ከአገሪቱ ሰፊዎቹ መካከል ነው። ያ የአማካይ ቁጥር ይህን ሁሉ ሸፍኖት ነው የሚያልፈው። የሚያናድደኝም ይሄ ነው። 250 ያመጡት ልጆች የሰው ልጆች ናቸው፣ በሌሎቹ ከፍ ያለ ውጤት ተጋርደው ሳይታዩ ይቀራሉ።

ማሙሽ እዚያም ተማረ እዚህ፣ የሚቆጠረው «ጥቁር» በሚለው ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ቅድመ አያቶቹ በባርነት ተጋዘው የመጡ ልጅ አለ። ትናንት ዲቪ ደርሷቸው ከአዲስ አበባ የገቡ ሰዎች ልጅ አለ። የናይጄሪያዊ ሐኪም ልጅ አለ፣ ከስደተኛ ካምፕ የመጣ የሶማሌ ልጅም አለ። ስለዚህ በዘር መክፈሉም የተሟላ መልስ አይሰጥም። በድህነት ለመክፈል ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሙት ፍሪ ላንች፣ ማለትም በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ፣ የሚያገኘውን ልጅ በመቁጠር ነበር። ከ2014 ወዲህ ግን ችግረኛ የበዛበት ትምህርት ቤት ቅጽ ሳያስሞላ ለሁሉም ልጅ ነፃ ምሳ መስጠት ይችላል። ማንም እንዳይራብ ጥሩ ነው፣ እሰየው። ለመለኪያነት ግን እንደ ድሮው አይሆንም።

አንቺ ራስሽ እዚህ አገር የገባሽበትን ዓመት አስቢ። ሂሳቡን ታውቂው ነበር፤ ማካፈልና ክፍልፋይ አስጨርሼ ነው ያመጣሁሽ። ፈተናው ላይ ግን ጥያቄው በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ ሙሉ ሆኖ መጣብሽ። ስለ ባቡርና ስለ ቲኬት የሚያወራ ጥያቄ። ማታ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሳነብልሽ ወዲያው ሠራሽው። በመዝገብ ግን በሂሳብ ደካማ ተብለሽ ተጻፍሽ፣ የትምህርት ቤትሽም አማካይ በአንቺ ወረደ። በዓመቱ እንግሊዝኛው ገባሽና ከኢሶል፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ከሚሰጠው ትምህርት፣ አወጡሽ። አሁን ያንን ቡድን ልብ በይ። ቋንቋውን የቻለ ልጅ ይወጣል፣ አዲስ የመጣ ልጅ ይገባል። አስተማሪዎቹ የቱንም ያህል ቢለፉ የዚያ ቡድን ውጤት ሁልጊዜ ዝቅ እንዳለ ነው። ጎበዞቹ ሲጎብዙ ከቁጥሩ ይወጣሉና።

ማን ይፈተናል የሚለውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የእኛዋ ሜሪላንድ በ2013 የ4ኛ ክፍል ንባብ ላይ 232 አምጥታ ከአገሪቱ ከፍተኛዎቹ ተርታ ነበረች። ነገር ግን ልዩ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸውና እንግሊዝኛ ከሚማሩ ልጆቿ መካከል ብዙዎቹ ፈተናው ላይ አልተቀመጡም። በስቴቱ ፈተና ጽሑፉ ይነበብላቸው ነበር፣ ኔፕ ደግሞ ያንን አይፈቅድም። በ2015 ብዙዎቹ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ 223 ሆነ። የወረደበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ለእኔ ግን 223ቱ ይበልጥብኛል። ልጆቹ ሁሉ የተቆጠሩበት ነው።

እንግዲህ ይህን ለማስተካከል የሚጥሩ አሉ። ኧርባን ኢንስቲትዩት የሚባል የጥናት ድርጅት የኔፕን ውጤት በልጆቹ ዕድሜ፣ በቤት ኑሮ፣ በዘር፣ በቋንቋና በልዩ ድጋፍ እያስተካከለ እንደገና ያሰላዋል። ጥያቄው «ተመሳሳይ ልጆች የት የተሻለ ተማሩ?» የሚል ነው። ማሳቹሴትስ ሳይስተካከልም ሲስተካከልም ጎበዝ ሆና ቆይታለች። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ሲስተካከል ወደ ላይ ከሚወጡት ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው ሚሲሲፒ ነው። ድሃ ስቴት ናት። በ2013 በ4ኛ ክፍል ንባብ 49ኛ ነበረች። በ2024 ሳይስተካከል 9ኛ ደረሰች፤ ሲስተካከል በንባብም በሂሳብም አንደኛ። በ2013 ሕግ አወጡ። መምህራንን በንባብ አሰለጠኑ፣ ደካማ ትምህርት ቤቶች አሰልጣኝ ተላከላቸው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከ3ኛ ወደ 4ኛ እንዳያልፍም ወሰኑ። የደገመ ልጅ 4ኛ ክፍል ሲደርስ በዕድሜ ይበልጣል፣ ይህም ነጥብ ሳይጨምር አልቀረም የሚሉ አሉ። ለዚህ ነው ስሌቱ ዕድሜንም የሚያስገባው። ያም ሆኖ የእነዚያ መምህራን ልፋት ክብር ይገባዋል።

የተስተካከለውን ቁጥር ይዘሽ ደግሞ ጥሬውን አትጣይው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ፣ ድሃ ስለሆነ ነው ተብሎ ውጤቱ ስለተስተካከለለት ማንበብ አይችልም። ነገ ኮሌጅ ሲገባ የሚያስተካክልለት የለም። ጥሬው ቁጥር ልጆቹ ዛሬ ያሉበትን ይነግርሻል፤ የተስተካከለው የትምህርት ቤቱን ድርሻ ይጠቁማል። እኔ አንዱን ብቻ የሚያሳየኝን ሰው አላምነውም።

ስለዚህ ዳላስን ስታስቡ ስቴቱን ተዉት። ማሙሽ የሚማረው ቴክሳስ ውስጥ አይደለም፣ አንድ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ቴክሳስ ለትምህርት ቤቶቿ ከኤ እስከ ኤፍ ነጥብ ትሰጣለች። አጠቃላዩን አይተሽ አትዝጊው። የተማሪዎች እድገት የሚለውንና ክፍተትን ስለማጥበብ የሚለውን ለየብቻ እይ። የመጀመሪያው ልጆቹ ካሉበት ምን ያህል እንደተራመዱ ይነግርሻል። ሁለተኛው የጥቁር ልጆች፣ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች እንዴት እንደሆኑ። ከዚያ ባለቤትሽ ቤት ፍለጋ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይሂድ። መምህራን ስንት ዓመት ይቆያሉ ብሎ ይጠይቅ። በየዓመቱ መምህር የሚቀያየርበት ቤት እኔ አልወድም።

ስታስመዘግቡት ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል የሚል ቅጽ ይሰጧችኋል። ኢሶል ይከቱብኛል ብለው «እንግሊዝኛ» ብቻ የሚጽፉ ወላጆች እዚህ ብዙ አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን አማርኛ ብለሽ ጻፊ። ፈትነው እንግሊዝኛው በቂ ሆኖ ካገኙት ይተዉታል፣ ካልበቃው ደግሞ እርዳታውን የማግኘት መብቱ ነው።

ያሰባችኋቸውን ትምህርት ቤቶች ስም ላኪልኝ፣ ቁጥራቸውን አገላብጬ እመልስልሻለሁ። ማሙሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ
ከሲልቨር ስፕሪንግ