ከባቡር ስንወርድ አውቶቡስ ይጠብቀን

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር የትራንስፖርት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የኮምቦልቻን ባቡር ጣቢያ ከአውቶቡስ ጋር ስለማገናኘት

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ።

ነገሬን ከአዲስ አበባ ልጀምር። አንድ ክረምት እናቴን ለሕክምና ወስጃት በቀላል ባቡር ተሳፈርን። ዋጋው ርካሽ ነው፣ መንገድ የሚዘጋበት የለም። እናቴ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ታች የተሰለፉትን መኪኖች እያየች "አልሐምዱሊላህ" ትል ነበር።

መከራው የመጣው ስንወርድ ነው። ጣቢያው ከፍ ያለ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። በአንድ እጇ ክንዴን፣ በሌላው የብረት መደገፊያውን ይዛ፣ አምስት አምስት ደረጃ እየወረደች ታርፋለች። ታች ስንደርስ ታክሲ የለም። ትልቁን አስፋልት ተሻግረን፣ ሩብ ሰዓት በዝናብ ተጉዘን የታክሲ ሰልፍ አገኘን። "ልጄ፣ ባቡሩስ ደህና ነበር። የገደለኝ ከወረድን በኋላ ያለው ነው" አለችኝ።

ይህ ባቡር ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድና 39 ጣቢያዎች አሉት። ብዙው ሐዲድ በሰፋፊ መንገዶች መሃል ስለተዘረጋ፣ መንገደኛው ታክሲና አውቶቡስ ለመያዝ መጀመሪያ መንገድ መሻገር አለበት። ጣቢያ ከተሠራ በኋላ ይህንን ማስተካከል ከባድ ነው።

የእኛ ግን ገና በእጃችን ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ያለችው ሃራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲው ሐዲድ ጋር ይገናኛል። መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎቱን እየጠበቅን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ይህን ያህል ዳገት ለባቡር ከባድ ነው። ስለዚህ የደሴ ሰው ባቡር የሚሳፈረው ኮምቦልቻ ወርዶ ነው። ለእኛ አውቶቡሱ የጉዞው ግማሽ ነው።

የምለምናችሁ ይህን ነው። አውቶቡሱ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ይግባ። መንገደኛ ከባቡር ወርዶ፣ ሻንጣውን ሳይጎትት፣ ጣሪያ ሥር ሆኖ ይሳፈር። አንዱ አውቶቡስ በቀጥታ ወደ ደሴ ፒያሳ ይውጣ፤ ሌላው ኮምቦልቻ ውስጥ ይዙር፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩንም ይንካ። ሚኒባስና ባጃጅም ተራ ጠብቀው የሚጭኑበት ቦታ ይኑራቸው፤ ታሪፉ በትልቁ ተጽፎ ይሰቀል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማታው ነው። ባቡር ይዘገያል፤ ያለ ነገር ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌር መውጣት አይፈልግም፤ የወጣም እጥፍ ይጠይቃል። ልጅ ያዘለች እናት ጣቢያ በር ላይ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ምን ታድርግ? የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳው በሰዓት ሳይሆን የመጨረሻው ባቡር ሲገባ ይሁን።

ዕቅዱን ስታወጡ ተሳፋሪውን ጥሩን። እኔ እመጣለሁ፤ እናቴንም ይዣት እመጣለሁ። የደረጃውን ነገር ከእሷ አፍ ስሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሐረጎ መንገድ ተመላላሽ